ማንአለብሽ እና የሦስት ዩኒት ሒሳብ

ማንአለብሽ በሬን የምታንኳኳው በክርኗ ነው፤ እጇ ሁልጊዜ ሙሉ ነውና። የዚያን ዓርብ ጠዋት ግን በእጇ ምንም አልያዘችም። ልጇ ረዑት ኮምፒውተሯን ታቅፋ ከኋላዋ ቆማለች፣ ፊቷ ተኮሳትሯል።

ሽኩና ቫቭ በሚባለው ሰፈር አንድ ሕንጻ ላይ ነው የምንኖረው፤ እነሱ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ምድር ቤት። ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚህ አገር ስለኖርኩ የጎረቤቱ የዕብራይስጥ ደብዳቤ ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል። ሲያመጡልኝ እቆጣለሁ፤ ሳያመጡልኝ ሲቀሩ ደግሞ እኮርፋለሁ። ጠባዬ ነው፣ ምን ይደረግ።

«ጋሽ አየሉ፣ ይህን ነገር አንቱ ይዩልኝ» አለች ማንአለብሽ። «ዩኒቨርሲቲ ትገባ እንደሆነ አትገባ እንደሆነ አስቀድሞ የሚናገር ነው አሉ። እሷ አይታ አይሆንም ትለኛለች። ልጅ ናት፣ ተሳስታ ቢሆንስ?»

ረዑት ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ሠራዊት ውስጥ ሁለት ዓመት የመገናኛ ሬዲዮ ስትጠግን ቆይታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ካልሆነ ሌላ አልማርም ብላለች። እናቷ የሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ ሰው ታጥባለች፣ ታነሳለች፣ ታስተኛለች። ወገቧ ከዚያው ነው የተጎዳው። ቤት ስትገባ ግን ወሬዋ አንድ ነው፦ የእኔ ልጅ ኢንጂነር ልትሆን ነው። ደረጃችን ላይ ይህን ያልሰማ ሰው የለም።

መነጽሬን አድርጌ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ፤ ረዑት የዩኒቨርሲቲውን የመግቢያ ማስያ ገጽ ከፍታልኛለች። የትምህርት ክፍሉን መረጥኩ፣ የበግሩቷን፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዋን፣ አማካይ አስገባሁ፤ ከመቶ ዘጠና ሰባት። ልቤ ሞቅ አለ። የመግቢያ ፈተናዋንም፣ ፕሲኮመትሪውን፣ አስገባሁ፤ እሱም ደህና ነው። ማንአለብሽ ሐኪም ቤት ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ቁልፉን ተጫንኩ። ቀይ ጽሑፍ መጣ፦ የመግባት ዕድል፣ ዝቅተኛ።

«ምን አለ?»

«ቆዪ» አልኳት፣ እንደገና አስገባሁ። ያው ቀይ።

«እስቲ አንድ ጊዜ ይሞክሩት። በእሷ ስም መሆኑን ያውቃል? ጥሩ ልጅ መሆኗን፣ ሰው አስቀይማ እንደማታውቅ የሚጻፍበት ቦታ የለም?»

ረዑት በዕብራይስጥ «እማ፣ ዳይ» አለች፣ በቃ ማለቷ ነው። እኔም ማንአለብሽን ተቆጣኋት፤ ማሽን አይለመንም አልኩ። ግን እውነቱን ለመናገር ቦታ ቢኖረው ኖሮ እጽፍ ነበር።

ከቀዩ ሥር በደቃቃ ፊደል ምክንያቱ ተጽፏል። ሒሳብ፣ ሻሎሽ የሒዶት፤ ሦስት ዩኒት ማለት ነው። እዚህ አገር ተማሪው ሒሳብን በሦስት፣ በአራት ወይም በአምስት ዩኒት ይማራል፤ ሦስቱ ቀላሉ ነው። ለምህንድስና ሦስቱ አይበቃም፤ መቶ ከመቶ ቢያመጡም አይበቃም።

«እና ማን ነው ሦስት ያደረጋት?» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ። «ዘጠና ሰባት የምታመጣ ልጅ! የትኛው ደንቆሮ ነው?»

ማንአለብሽ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ረዑት አሥረኛ ክፍል ሳለች እናትየው ለወላጆች ስብሰባ ተጠርታ ሄደች። መምህርቷ ናዓማ ትባላለች፣ ደግ ሴት ነበረች። ልጅቱን ከአምስት ወደ ሦስት እናውርዳት፣ እንዳትጨነቅ፣ ውጤቷም ያምራል አለች። ረዑት በመካከል ተቀምጣ ታስተረጉማለች። ማንአለብሽ ተነሥታ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች፤ እኛ ለአስተማሪ እንደምንለውም «አንቱ ያውቃሉ» አለች። በሳምንቱም ድፎ ዳቦ ጋግራ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ለመምህርቷ ወሰደች።

ረዑትን አየኋት። «ትምህርቱን እንደገና ጀምሪዋ፣ ሒሳቡን የሚያሟላ የመሰናዶ ትምህርት አለ አይደል?» አልኩ።

«ሞክሬዋለሁ፣ አባባ አየሉ» አለች በዕብራይስጥ። «ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ስድስት ወር ተማርኩ። መጽሐፉ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይህን ድሮ ታውቃላችሁ ይላል። እኔ አላውቀውም፣ ማንም አላስተማረኝም። ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ምዝገባው እሑድ ይዘጋል።»

ይህን እናቷም ሰምታው አታውቅም ነበር። ማታ ሥራ የምትገባ መስሏት ነበር።

ከዚያ ረዑት ወደ እናቷ ዞረች። በእኔ ፊት አማርኛ ተናግራ አታውቅም፤ ሁልጊዜ በዕብራይስጥ ነው የምትመልሰው። ያን ቀን ግን እየተንተባተበች በአማርኛ እንዲህ አለች፦ «እማ፣ የስብሰባው ቀን አስተማሪዋ ያለችውን ሁሉ በትክክል ነገርኩሽ። እንቢ እንድትይ ነበር የምጠብቀው።»

ማንአለብሽ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። «ለአስተማሪ እንቢ ይባላል እንዴ?» አለች። ጥያቄ ነበር፣ ከልቧ ነው የጠየቀችው። ከዚያም እኔን አየችኝ፣ ያለ ምንም ቂም። «ጋሽ አየሉ፣ የዚያን ዕለት ከስብሰባው ስመለስ አንቱን ጠይቄ አልነበር? ደግ አደረግሽ፣ የዚህ አገር አስተማሪ የሚያደርገውን ያውቃል አላሉኝም?»

ብያታለሁ። በሩ ላይ ቆማ ስትጠይቀኝ፣ እኔም አዋቂ መስዬ ስመልስላት ትዝ አለኝ። ለገዛ ልጆቼ አስተማሪዎችም «አንቱ ያውቃሉ» ስል ነው የኖርኩት። ያ ሁሉ ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም።

መነጽሬን ጠረግሁና ቁጥሮቹን ከመጀመሪያው፣ አንድ በአንድ፣ እንደገና አስገባሁ። በዚህ ጊዜ «ይሞክሩት» ያለኝ ሰው የለም።