ጀርሙን አስተምረው ለቀቁት እኮ

አጎቴ እዚህ ጅቡቲ መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞችን ሲያጠኑ ኖረው ባለፈው ወር አረፉ። ጎረቤት ቤት በገቡ ቁጥር «የተረፈ ክኒን አለ?» ብለው የመጠየቅ ልማድ ነበራቸው።

አንድ ቀን አንዲት ጎረቤታችን፣ «ሻል ሲለኝ ቀሪውን እግሩ ላመረቀዘበት፣ ወደ የመን ለሚሻገር መንገደኛ ሰጠሁት፤ ለጽድቅ ነው» አሉ።

አጎቴ «እትዬ፣ በጅምር ክኒን ጀርሙን አስተምረው ለቀቁት እኮ!» ብለው እየሳቁ ይዘውኝ ወጡ። መንገደኛውን ካርቲየ ሁለት የሚባለው ሰፈር አገኘነው። ከቁስሉ ናሙና ወስደው ወደ እኔ ዞሩ፤ «የትኛው መድኃኒት እንደሚያድነው እስክናውቅ ጀልባ እንዳይሳፈር አንቺ ንገሪው።» ዓይናፋርነቴን ያውቁ ነበር። እየተንተባተብኩ ነገርኩት። ሳይሳፈር ቆየ፤ በተገኘለት መድኃኒት እግሩም ዳነ።

ዛሬ አጎቴ ይሠሩበት በነበረው ላብራቶሪ ውስጥ ወንበራቸው ባዶ ነው፤ ከጎኑ ያለው የእኔ ነው። ሐኪም ስለ አንድ ቁስል ቸኩሎ ሲደውል፣ «ውጤቱን ነገ እነግርዎታለሁ፤ እስከዚያ ጠንካራውን መድኃኒት አይጀምሩ» እላለሁ። ሐኪሙም ይጠብቃል።