አምስተኛው ጠርሙስ

ልጄ ትዕግስት ትናንት ደብተሯን ይዛ መጣች። አራት ባዶ ጠርሙስ በአንድ ሙሉ ለስላሳ የሚለወጥ ከሆነ፣ አሥራ አምስት ባዶ ያለው ሰው ቢበዛ ስንት ሙሉ ያገኛል? ይላል ጥያቄው። «አምስት» አለችኝ። «አራቱን ጠጥቼ ሦስት ባዶ ይቀረኛል። አንድ ባዶ እበደርና አምስተኛውን ወስጄ፣ ጠጥቼ እመልሳለሁ።» ሒሳቡ ልክ ነው። «እበደርና» ያለችው ግን ጆሮዬ ላይ ቀረ።

ይህን ሒሳብ መጽሐፍ አላስተማረኝም። በጉርምስናዬ አሶሳ ውስጥ፣ ማንጎ መንገድ ላይ በሚረግፍበት ሰሞን፣ ባዶ ጠርሙስ እየለቀምኩ አቡ ጃቢር ሱቅ እወስድ ነበር። አከፋፋዩ ባዶ ካልተመለሰለት ሙሉ ስለማይሰጥ፣ ሽማግሌው ለአራት ባዶ አንድ ሙሉ ይሰጡኛል። መናኸሪያ ሸጬው ባዶውን ይዤ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ሦስት ባዶ ብቻ ቀረኝ። የባምባሲ አውቶቡስ ጥሩንባውን ይነፋል። ጥግ ላይ ባዶ የሞላበት ሳጥን አየሁና «ከዚያ አንድ ልበደር?» አልኩ። አቡ ጃቢር ቤርታ ናቸው፤ አማርኛቸው አጭር ነው። ስኳር እየመዘኑ፣ ቀና ሳይሉ «እሱ አማና ነው» አሉ። እኔ የሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ በቤታችን «አማን ነው» ማለት ሰላም ነው፣ ችግር የለም ማለት ነው። አንዱን መዝዤ አራት ሞላሁ፤ እሳቸው ስኳሩ ላይ እንዳጎነበሱ አራቱን አስቀምጬ፣ ሙሉዬን ራሴ አንስቼ ሮጥኩ።

ባዶውን ይዤ ስመለስ ሱቁ ውስጥ ጩኸት ነው። ሳጥኑን ለልጃቸው ሰርግ ያስቀመጡ ጎረቤት ሊወስዱት መጥተው አንድ ጎድሏል። አቡ ጃቢር ተሸካሚያቸው ኢድሪስ ላይ ጣታቸውን ቀስረዋል፤ ስገባ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«ይሄ ልጅ ጠየቀኝ። አማና ነው፣ የሰው አደራ ነው አልኩት፤ ሰምቶ ሄደ። ሌላ ማን አለ? ሌባ!»

«ወላሂ፣ አቡዬ፣ አልነካሁም!»

«ሂድ! ነገ መምጣት የለም።»

የኢድሪስ ሚስት አራስ ነበረች። ጠርሙሱን ከጀርባዬ ደበቅሁት። ኢድሪስ የትከሻውን ጨርቅ አራግፎ፣ ማንንም ሳያይ ወጣ። ደጁ ያለው ማንጎ ዛፍ ጋ እስኪደርስ በዓይኔ ተከተልኩት። ከዚያ ጠርሙሱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ።

«እኔ ነኝ። አማን ነው ያሉኝ መስሎኝ…»

ሽማግሌው ዐዩኝ። «ጠርሙሱ ተመለሰ። ‹ሌባ› ያልኩትስ እንዴት ይመለሳል?»

ኢድሪስን ሮጬ ጠራሁት። ሽማግሌው በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቁት፤ ሥራውም ተመለሰለት።

እውነቱን ልናገር፤ «አማና» ሲሉ ያችን የመጨረሻ «ና» ሰምቻታለሁ። ደግሜ ብጠይቅ እንደሚከለክሉኝ ስለገባኝ አልጠየቅሁም። ኢድሪስ ዛሬ አያት ሆኖ፣ ቢላዋ እንኳ ሲያውሰኝ «አማናናና ነው፤ ሰምተሃል?» እያለ ይስቅብኛል። እኔ አልስቅም።

«ከማን ተበደርሽ? አስፈቅደሻል?» አልኳት ልጄን።

«አባዬ ደግሞ! ጥያቄው እኮ እሱን አይልም።»

«እኔ እላለሁ።»

አጉረመረመች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንስታ፣ ከአምስቱ ጎን «ከፈቀዱልኝ» ብላ ጨመረች።