የሩቋ ጋላክሲና የማሻው ለቅሶዬ

ቴፒ ካምፓስ ፊዚክስ የምትማረው የልጅ ልጄ ምሕረት ሰሞኑን ሚዛን ከተማ እኔ ዘንድ መጥታ ነበር። ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ብሎን ጎደሬ እየላጥኩ ተቀምጬ ሳለ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አመጣችው።

«እማማ፣ እስቲ ይህንን እዪው። ምን ይመስልሻል?»

«የቡና ማጠቢያ አረፋ» አልኳት። እውነቴን ነው። እሸት ቡና ታጥቦ ውሃው በቦዩ ሲወርድና ጉድጓዱ ላይ ሲዞር፣ አረፋው ልክ እንዲያ እየተጠማዘዘ ክንድ ያወጣል።

ስቃ ስቃ ሲበቃት ጋላክሲ እንደሚባል ነገረችኝ። ቁጥሩ የማይታወቅ የከዋክብት መንደር ነው አሉ። መሐሉ ቢጫ የሆነው ያረጁት ስለተሰበሰቡበት፣ ክንዶቹ ሰማያዊ የሆኑት ገና የተወለዱት እዚያ ስላሉ ነው። በመካከሉ ጥቁር ክር የመሰለው አቧራ ነው። አሮጌው መሐል፣ ወጣቱ ዳር፤ እንደኛ የቀበሌ ስብሰባ መሆኑ ነው እንግዲህ። ደግሞ ይዞራል፣ እየዞረም ከእኛ ይርቃል።

«ብርሃኗ እዚህ እስኪደርስ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት ፈጅቶበታል፣ እማማ። የምናየው የዛሬዋን ሳይሆን የድሮዋን ነው። ዛሬ ላትኖርም ትችላለች።»

ቢላዬን አስቀመጥኩ። «የለችም ያለሽ ማነው?» አልኳት። አገሬ ማሻ ትዝ ብሎኝ ነው።

ልጃገረድ ሳለሁ ቴፒ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ቡና እለቅም ነበር። እናቴ፣ የአክስቴ ታላቅ፣ ያለችው ማሻ ነው። ያኔ ስልክ የለም፤ መልእክት የሚሄደው በገበያተኛ ነው። ከማሻ የተነሳ ቃል ጌጫ ገበያ ላይ ለሌላ ሴት ይሰጣል፣ እሷ ደግሞ ቴፒ ስትወርድ ታደርሰዋለች። ዝናብ ካገዳት ቃሉም አብሯት ቤት ይቀመጣል። አንድ የገበያ ቀን አንዲት ማር ሻጭ መጣችና «እናትሽ ክፉኛ ታማለች፣ ድረሺልኝ ብላለች» አለችኝ። መቼ እንደተባለ እሷም አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ማለዳ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅዬ፣ ቋጥሬ ተነሳሁ። የሁለት ቀን መንገድ ነው። ከቴፒ ሙቀት ወጥተው ሽቅብ ሲሄዱ ጫካው እየጠቆረ፣ ብርዱ እየበረታ ይመጣል። ቦዬው ገና በመጀመሪያው ቀን አለቀብኝ፤ ሳዝን ይርበኛል፣ እስከ ዛሬም እንዲያው ነኝ።

ጌጫን እንዳለፍኩ የማሻ ጎረቤታችንን መንገድ ላይ አገኘኋት።

«እናቴ እንዴት ናት?»

ጭቃው ላይ አቀርቅራ፣ «እኔ ምንም አልሰማሁም። ሂጂ ልጄ፣ ቤትሽ ግቢ» አለችኝ።

በእኛ ዘንድ ሞት መንገድ ላይ አይነገርም። ሰውየው ቤቱ ገብቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው መርዶው የሚነገረው። አቀርቅረው «ቤትሽ ግቢ» ያሉት ሰው ይገባዋል። እኔም ገባኝ።

የቀረውን መንገድ እንዴት እንደሄድኩት አላውቅም። ከመንደራችን በላይ ያለው ጉብታ ላይ ስደርስ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ «ወይኔ! ወይኔ!» ብዬ ጮህኩ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ከሁሉም ፊት የምትሮጠው፣ እጇ ጭቃ እንደሆነ፣ እናቴ ነበረች። «እህቴን! እህቴን!» እያለች ደረቷን ትመታለች። ከቴፒ እያለቀስኩ ስመጣ አክስቴ የሞተች መስሏታል።

ፊት ለፊት ስንገናኝ ሁለታችንም ቀጥ አልን።

«አክስትሽስ?»

«ደህና ናት። አንቺስ?»

«እኔማ ይኸው! ማን ገደለኝ?»

አንድ ሽማግሌ «ሬሳ ከሌለማ ልመለስ፣ ላሜን ሳላስር ነው የመጣሁት» አሉ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። አስገብታ ቆጮ በጎመን አቀረበችልኝና ስበላ ታየኝ ጀመር። ኋላ «ካመመኝ ሁለት ወር ሆኖታል» አለች። «ተኝቼ በሩን ሳይ ነበር የምውለው። በተከፈተ ቁጥር አንቺ ትመስዪኝ ነበር።»

እሷ በሩን ስታይ እኔ ቴፒ ከጓደኞቼ ጋር እየዘፈንኩ ቡና እለቅም ነበር። ደህና ናት ስል ታማ ነበር፤ ሞታለች ስል ድና ጎደሬ ትነቅላለች። ያቺ ጎረቤታችንም ወልዳ የተኛች ልጇ ዘንድ ወር ሙሉ ሰንብታ ኖሮ፣ በእርግጥ ምንም አልሰማችም።

ምሕረት ይህን ሰምታ «ታዲያ ጋላክሲዋ አለች ነው የምትዪው?» አለችኝ።

«አለችም የለችም አልልም። ማሻ እንኳ በእግሬ ሄጄ አየሁ። እዚያ ማን ሄዶ ያያል?»

ምሕረት ወደ ቴፒ ከተመለሰች አራት ቀን ሆናት። እንደደረሰች ደውላ «ደህና ገብቻለሁ» ብላኛለች፤ ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ የለም። ሰው ሁሉ ደህና ናት ይለኛል። እሱ የአራት ቀን ወሬ ነው። ጎደሬዬን በዘንቢል ሞልቻለሁ፣ ነገ በመጀመሪያው መኪና ቴፒ እሄዳለሁ። ደጃፏ ስደርስ ግን አልጮህም፤ በሩን አንኳኩቼ ነው የምገባው።