አንድ ሳምንት ከኋላ ወንበር

አዳማ ባለ አንድ ኮሌጅ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመርኩ ዘጠነኛ ዓመቴ ነበር። በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ «ጥያቄ አላችሁ?» እላለሁ። ዝም ይላሉ። ፈተና ሲመጣ ግን ብዙዎቹ ይወድቃሉ።

አንድ ከሰዓት ሙቀቱ ቢሮ አላስቀምጥ ብሎን መምህራን ክበብ ጥላ ሥር ሻይ ስንጠጣ ይህንኑ አነሳሁ። ሳይኮሎጂ የምታስተምር ባልደረባዬ «ይፈራሉ» አለች። የሕንፃ ንድፍ የሚያስተምረው ጓደኛችን ሳቀባት።

«ምን ይፈራሉ! አይሰሙም እንጂ። ያ የምታስተምሩበት አዳራሽ ግድግዳው ባዶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ድምፃችሁ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም።»

እኔ ደግሞ «አያነቡም፣ በቃ» አልኩ። ሦስታችንም እርግጠኞች ነበርን፤ አንዳችንም ግን ተማሪ ጠይቀን አናውቅም።

«ለምን አናጠናውም?» አለች ባልደረባዬ። «መጠይቅ ከመበተናችን በፊት ግን አንዳችን የሌላችን ክፍል ገብተን እንቀመጥ። እንደ ተማሪ፣ ለአንድ ሳምንት።»

ለእኔ የእሷ ክፍል ደረሰኝ። ተማሪዎቹ እኔም የማስተምራቸው ናቸው። መጀመሪያ ቀን የኋላ ወንበር ላይ ስቀመጥ አጠገቤ የነበሩት ዕቃቸውን ሰብስበው ራቅ አሉ። በሦስተኛው ቀን ለመዱኝ። ያን ዕለት ባልደረባዬ ሰሌዳው ላይ ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ጻፈች። ሁሉም ገለበጠ፤ እኔም ገለበጥኩ። ዞር ብላ «ጥያቄ አላችሁ?» አለች።

እጄን ላወጣ ብዬ ተውኩት። «ይኼንንም አያውቅም?» እንዳይሉኝ ሰጋሁ። ደግሞም ምን ብዬ እንደምጠይቅ አላወቅኩም፤ ያልገባኝን ለመጠየቅ እንኳ ትንሽ እንዲገባኝ ያስፈልግ ነበር። ባልደረባዬ ትንሽ ጠብቃ ወደሚቀጥለው አለፈች። እኔ እንደማደርገው ማለት ነው።

አጠገቤ ከአብያታ ሐይቅ አቅራቢያ ካለችው ከቡልቡላ የመጣች ቀጭን ተማሪ ተቀምጣለች። ወደ እሷ ጠጋ ብዬ «ገባሽ?» አልኳት።

«እንዴ፣ ቲቸር! እርስዎም አልገባዎትም?» አለችና አፏን በእጇ ሸፈነች።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ደብተሯን አሳየችኝ። በአንዱ ገጽ ከሰሌዳ የተገለበጠ እንግሊዝኛ፣ ፊት ለፊቱ በኦሮምኛ የራሷ ማብራሪያ። ማብራሪያው አልፎ አልፎ ይቋረጣል። የኬሚስትሪው ደብተር ላይ ክፍተቱ ይበዛል። ምክንያቱን ጠየቅኳት። አንገቷን ደፍታ መለሰችልኝ።

«እስከ ስምንተኛ በኦሮምኛ ነው የተማርኩት። እንግሊዝኛውን እጽፈዋለሁ፤ ዶርም ገብቼ ቀስ ብዬ እፈታዋለሁ። እርስዎ ግን ከባዱ ቦታ ላይ ሲደርሱ በአማርኛ ያስረዳሉ። እኔ ያለኝ የገበያ አማርኛ ነው፤ የእርስዎ ይፈጥናል። ሲቀልዱም ሌሎቹ ሲስቁ አይቼ ነው የምስቀው።»

በዚያ የአማርኛ ማብራሪያ ስንት ጊዜ ተመክቼበት ነበር! ለተማሪ የማዝን መምህር ነኝ የምለው በእሱ ነው። እኔ ራሴ አዳማ ተወልጄ አድጌ ኦሮምኛዬ «አካም» ብሎ ሰላም ከማለትና የቲማቲም ዋጋ ከማስቀነስ አያልፍም።

«ታዲያ ላብራቶሪ ላይ እንዴት ጎበዝ ሆንሽ?»

«ሃርሜ ያስረዱናል» አለች። እናቴ ማለቷ ነው። ተማሪዎቹ የላብራቶሪ ቴክኒሻኗን እንዲህ ብለው እንደሚጠሩ ያን ቀን ሰማሁ።

ሴትዮዋ የአርሲ ሰው ናቸው፤ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት ኮሌጁ ውስጥ ሠርተዋል። ላብራቶሪ ስገባ ብርጭቆ እያጠቡ ነበር። «ተማሪዎቹን ያስተምሯቸዋል አሉ» ስላቸው ለወቀሳ የመጣሁ መሰላቸው።

«ሥራዬ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አሉ እጃቸውን በጋውናቸው እየጠረጉ። «ግን ሳይገባቸው ሲነኩት ይሰብራሉ፤ አሲድም ይደፋሉ። ዝም ብዬ ልይ?»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? እናንተ ስለ ተማሪ ስትሰበሰቡ እኛ ወንበር እናመጣለን።»

ክፍሌ መጥተው እንዲያግዙኝ ለመንኳቸው። «እኔ ያለኝ ዲፕሎማ ነው፤ እናንተ መሃል ምን ልሁን ብዬ ልቁም?» አሉ። ሁለት ቀን ተመላልሼ በሦስተኛው እሺ አሉኝ።

ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው በሩ አጠገብ ቆሙ። ለተማሪዎቹ በፈለጋችሁት ቋንቋ ጠይቁ አልኳቸው። ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ፤ ያን ያህል ጠብቄ አላውቅም። በመጨረሻ የቡልቡላዋ ልጅ እጇን አወጣችና በኦሮምኛ ረዘም አድርጋ ተናገረች። ቴክኒሻኗ ፈገግ እያሉ ተረጎሙልኝ።

«የአብያታ ሐይቅ ውሃ ልብስ ሲታጠብበት ለምን እጅ ያሙለጨልጫል ትላለች። ደግሞ ወደዚያ የሚገባው የቡልቡላ ወንዝ ይጠጣል። የሚጠጣ ውሃ ገብቶ እንዴት የማይጠጣ ይሆናል?»

የመጀመሪያውን መለስኩ፤ ውሃው ውስጥ ያለው ሶዳ የቆዳችንን ቅባት ወደ ሳሙና ይለውጠዋል። ሁለተኛው ላይ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። «አላውቅም» አልኩ። ክፍሉ አጉረመረመ። ከወለንጪቲ የመጣች ሌላ ተማሪ ተነስታ «እኛ ቤት የጉድጓድ ውሃ ፈልቶ ሲያልቅ ድስቱ ሥር ነጭ ነገር ይቀራል። ሐይቁም መውጫ ከሌለው እንደዚያ ይሆን?» አለች። በአማርኛና በኦሮምኛ ክርክሩ ቀጠለ፤ የቀጣዩ ክፍል ተማሪዎች በር ላይ ቆመው ጠበቁን። በማግስቱ የጂኦሎጂ መምህር ጠየቅኩ። የወለንጪቲዋ ልጅ ልክ ነበረች፤ ውሃው ይተናል፣ ሶዳው ይቀራል።

ጥናቱን ጨረስነው። የሕንፃ ንድፍ መምህሩ የአዳራሹን ድምፅ ለክቶ ከኋላ በደንብ እንደማይሰማ አረጋገጠ፤ የተማሪዎቹ ፍርሃትም እውነት ነበር። ሦስታችንም የያዝነው የእውነቱን ቁራጭ ነበር፤ የእኔዋ ግን ከሁሉ ታንሳለች። የቴክኒሻኗ ስም ከአዘጋጆቹ ጋር ይግባ ስንል አንድ ኃላፊ ቅር አለው። ባልደረባዬ «እንግዲያው የእኔም ይውጣ» ስትል ተወው።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ቴክኒሻኗ ኦሮምኛ ያስተምሩኛል። አማርኛ ውስጥ የሌለው፣ ምላስ ታጥፎ የሚወጣው «ደ» አልወጣ ብሎኛል። ይኸው ድምፅ ሁለቴ ያለበትን የኦሮምኛውን «ቅቤ» ልል ስሞክር ተማሪዎች ካሉ ሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን ያዞራሉ። እሳቸው ግን አይስቁም። ብርጭቋቸውን ማጠብ ሳያቋርጡ «እንደገና» ይሉኛል።