የሚዞር ሞተር አይገፋም

ሸዋ ሮቢት ውስጥ መኪና አልነሳ ካለ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ መግፋት። ባትሪው ይሙት፣ ሞተሩ ይቃጠል፣ ማንም አይጠይቅም። ወንድ ሁሉ ከየሻይ ቤቱ ግር ብሎ ይወጣና ከኋላ እጁን ይለጥፋል።

ያን ጠዋት የአጎቴ አሮጌ ፒካፕ የጫነችው የእናቴንና የእኔን ቲማቲም ነበር፤ እናቴ የቀረውን ልትለቅም ማልዳ ማሳ ወርዳለች። በተከራየነው የመስኖ መሬት ከችግኝ ጀምሮ ጎንበስ ቀና ያልንበት የመጀመሪያው ለቀማ ነው። ፀሐይ ሳትከር ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ብርሃን ካልገባ፣ በእኛ አገር ሙቀት ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ድልህ ይሆናል።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ፊት ለፊት ጋሼና አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን «እሱ» ይበቃዋል። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ደህና አድርጎ ይዞራል፣ ግን አይነሳም። ደግሞ አዞረ። ያው ነው።

«ባትሪ ነው» አለ አንድ የባጃጅ ሾፌር የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ።

«ባትሪ ቢሆን እንዲህ ያዞራት ነበር?» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ መቼ መካኒክ ሆንሽ? ቲማቲምሽን ጠብቂ!»

ሳቁ። ሐጂ የምንላቸው ጎረቤታችን ከሱቃቸው ደጃፍ ሆነው፣ «ወላሂ፣ ይህችን መኪና ዓይን በልቷታል» አሉ። ዓይን! ዓይን ናፍጣ መስመር ውስጥ ሲገባ አይቼ አላውቅም።

መሪ ላይ የሸበተው አጎቴ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ግፉ!» አለ።

ገፉ። ቁልቁል እስከ ድልድዩ ድረስ ገፉ። ሳጥኖቹ ተንገጫገጩ፤ ከታችኛው ረድፍ ቀይ ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር። «ዘይት ታፈሳለች!» ብሎ ጮኸ አንዱ። ዘይት በለው! የእናቴ ላብ ነው የሚፈሰው።

አጎቴ እንደገና ቁልፉን ሲያዞር ከኋላ ቆሜ የጭስ ማውጫውን አየሁ። የናፍጣ መኪና ናፍጣው ከደረሰው ባይነሳ እንኳ ያጨሳል። ይህቺ ግን ጭስ የሚባል የላትም። ጋቢናውን ከፍቼ ከመቀመጫው ሥር ጎረጎርኩ። በጨርቅ የተሸፈነ ባዶ ጀሪካን አገኘሁ፤ አፉ ገና ናፍጣ ይሸታል።

ያኔ ገባኝ። ትናንት ማታ መኪናዋ በራችን ላይ ስትደርስ ራሷ ጠፍታ ነበር። «ሙቀት ነው» ብሎን ነበር እሱ። ለካ ናፍጣ ጨርሶ፣ ጠዋት ሰው ሳያይ ሞልቷል። ናፍጣ ያለቀባት መኪና ደግሞ መስመሯ አየር ይይዛል፤ አየሩ ካልወጣ ሙሉ ታንከርም አያስነሳትም። ይህን አጎቴ ከእኔ በላይ ያውቃል። ከዚህ በፊት አየሩን ሲያስወጣ መፍቻ ያቀበልኩት እኔው ነኝ። አሁን ግን ኮፈኑን ከከፈተ ያ ሁሉ ወንድ ናፍጣ እንደጨረሰ ሊያውቅበት ነው። ለሾፌር ይሄ ውርደት ነው። የእህቱ ቲማቲም ቢበሰብስ ውርደት አይደለም።

«ጋሼ፣ ናፍጣ አልቆብዎት ነበር?»

«ድምፅሽን ቀንሺ» አለኝ በጥርሱ።

«ታዲያ አየሩን ያስወጡታ!»

«በሰው ፊት አታዋርጂኝ፣ አንቺ ልጅ!»

ጀሪካኑን አውጥቼ የወንዶቹ እግር ሥር ወረወርኩት። አንዱ ጎንበስ ብሎ የጀሪካኑን አፍ አሸተተ። ከዚያ የባጃጁ ሾፌር፣ «ኧረ ጋሼ! ናፍጣ ጨርሰው ነው እኛን ያስገፉን?» ብሎ በሳቅ ወደቀ።

ሲስቁ ኮፈኑን ከፈትኩ። ፊልትሮው ላይ ያለችውን ብሎን አላልቼ የእጅ ፓምፑን እጫነው ጀመር። መጀመሪያ አረፋ ተፋ፤ ቆይቶ ጥርት ያለ ናፍጣ መጣ። ብሎኗን አጠበቅኩና «አሁን ያዙሩ!» አልኩት።

ሳለች፣ ነጭ ጭስ ለቀቀች፣ ተነሳች።

አጎቴ አንገቱን አወጣና፣ «መገፋቷ ረድቷታል» አላቸው። እነሱም በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ! የባጃጁ ሾፌር ሳይቀር።

ጀሪካኑን ከመሬት አንስቼ ገባሁ። የላይኞቹ ሳጥኖች ደህና ገቡ፤ የታችኛውን ረድፍ ግን ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚነካው ሰው እንኳ ጠፋ። ስንመለስ፣ ጣርማ በርን ቁልቁል እየወረድን ሳለ፣ አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለእናትሽ ስለ ናፍጣው እንዳታነሺባት።»

«የታችኛው ረድፍ ምን ሆነ ስትለኝስ?»

ማርሽ ቀየረ። «ሙቀት ነው በያት።»

ቤት ስንደርስ እሱ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ ጀሪካኑን መሐል ቤት አስቀምጬ ሁሉንም ለእናቴ ነገርኳት።