ሦስት ቀን ባሕሩ አጠገብ

«ብቻሽን? ባሕር ለማየት? ደህና ሰው እንዲህ አያደርግም» አሉኝ አደይ ምሕረት፣ የሽንኩርት ቢላዋቸውን እንደያዙ፣ ፊት ለፊቴ።

አደይ ምሕረት ሞንትቤሎ በሚባል የዴንቨር ሰፈር ምድር ቤታቸውን ያከራዩኝ ሴትዮ ናቸው። የምጽዋ ልጅ ናቸው። ትምህርታቸውን በአማርኛ ስለተማሩ አማርኛቸው ከእኔ ይበልጣል፤ ስሳሳት ያርሙኛል። ባሕር አጠገብ ያደገ ሰው ደግሞ ባሕር ለማየት መጓጓት ምን እንደሆነ አይገባውም።

«ውሃ ነው እኮ፤ ጨው የገባበት ውሃ» አሉኝ።

«እኔ የአሰላ ልጅ ነኝ፤ ጨውም ውሃም ለየብቻ ነው የማውቀው» አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲቪ ደርሶኝ ከአሰላ ስወጣ፣ እናቴና እህቶቼ እስከ መናኸሪያ እያለቀሱ ሲሸኙኝ፣ እኔ በልቤ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ባሕር ልሻገር ነው። አላፍርም፣ እንባቸው ትከሻዬ ላይ ሳይደርቅ ያን ነበር የማስበው። ከዚያ አውሮፕላኑ ውስጥ ሁለት ወፍራም ሰዎች መሀል አስቀመጡኝ፤ መስኮት ጋ ያለው ሰውዬ መጋረጃውን ዘግቶ ተኛ። ያን ሁሉ ውቅያኖስ ተሻግሬ አንድ ጠብታ አላየሁም። ያወረዱኝ ደግሞ ዴንቨር ነው። የዴንቨር አየር ምን ያህል ደረቅ እንደሆነ ያልኖረበት አያውቀውም፤ የመጀመሪያውን ወር አፍንጫዬ ይደማ ነበር። ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ያረፍኩበት ዘመድ ቤት «ቫዝሊን ቀቢ» ተባልኩ፤ ስለ አሜሪካ የተሰጠኝ ምክር እሱ ብቻ ነው።

ሥራዬ ኤርፖርት ዊልቸር መግፋት ነው። በቀን ስንት ሰው እገፋለሁ፤ ሁሉንም የማወራው ከማጅራታቸው ጋር ነው። ከባሕር የሚመለሱትን ወዲያው አውቃቸዋለሁ፤ የፀሐይ ቅባት ይሸታሉ፣ ጫማቸው አሸዋ ያራግፋል። ከዊልቸሩ እግር ማስቀመጫ ላይ አሸዋውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት የሰው አሸዋ ስጠርግ ቆየሁና አንድ ቀን በቃኝ። ሦስት ቀን ኦፍ ጠየቅኩ፤ በጣም ርካሹን ትኬት ባሕር አጠገብ ወዳለችው ሳንዲዬጎ ቆረጥኩ፤ ስምንት ሴት በአንድ ክፍል የሚተኛበት ሆስቴል አገኘሁ። ዕቅዴ ቀላል ነበር፤ የቀን አውቶቡስ ፓስ መግዛት፣ ዳቦ ቆሎ መያዝ፣ ውሃው ጫፍ ላይ መቀመጥ፤ የሚገፋም የሚያዝም ሰው የሌለበት ቦታ።

«ሰው እያለን ሆቴል? ማንን ልታሰድቢ ነው?» አሉ አደይ ምሕረት። እዚያው ቆሜ ሳንዲዬጎ ላሉት የድሮ ጎረቤታቸው፣ ለእትዬ ጥሩ ደወሉ። «አደራ፣ ለብቻዋ እንዳትለቂያት። ልቧ ጥሩ ነው፤ አፏ ግን አያርፍም።»

ነጻ ማደሪያ ሲገኝ እምቢ የምትል ሞኝ ናት ብዬ ተስማማሁ። እናንተ እንደኔ ያላችሁ ልጆች፣ ይቺን አስምሩባት፤ ነጻ ማደሪያ የሚባል ነገር የለም። አደይ ምሕረት ለእትዬ ጥሩ የሚደርስ በርበሬና ሽሮ አስታቀፉኝ፤ ትኬቴ ደግሞ ከአንዲት ትንሽ ቦርሳ በላይ አይፈቅድም።

«ይሄ ሁለት ባግ ነው» አለችኝ ኤርፖርት፣ የአውሮፕላኑ መግቢያ በር ላይ ያለችው ሠራተኛ።

«አንዱ ምግብ ነው።»

«ባግ ውስጥ የገባ ምግብ ባግ ነው።»

ሰልፉ እያየኝ ቦርሳዬን ከፈትኩና ልብሴን አንድ በአንድ ለበስኩት። ሦስት ቲሸርት፣ ሁለት ሱሪ፣ አንድ ቀሚስ ከላይ። በርበሬው የልብሱን ቦታ ያዘ።

«አሁንስ?»

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «አሁን አንድ ባግ ነው። ውሃ ጠጪ፤ አየር ላይ ራስሽን ብትስቺ ዊልቸር የሚገፋልሽ የለም።»

የእትዬ ጥሩ ባል ጋሽ በየነ በታክሲያቸው ተቀበሉኝ። አየሩ ርጥብ ነው፤ ከንፈሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቫዝሊን አልጠየቀኝም።

«ባሕሩ በየት በኩል ነው ጋሽዬ?»

«ይኸው በግራሽ፤ ይሄ ትልቁ መኪና ይለፍና ታይዋለሽ።»

መኪናው ሳያልፍ እኛ ወደ ቀኝ ታጠፍን።

የመጀመሪያው ቀን በመብላት አለቀ። ማታ ላይ ከኮሪደሩ ማዶ የምትኖረው ጎረቤታቸው ፀሐይ መጣች፤ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሳቂታ ሴት። አቅፋ ሳመችኝና ስልኳን አውጥታ ያሳደጋትን የጎንደሩን ወንድሟን ፎቶ አሳየችኝ። እትዬ ጥሩና ጋሽ በየነ አንገታቸውን ደፉ። ፀሐይ ወደ ቤቷ ስትሄድ እትዬ ጥሩ ኩሽና ገብተው ውሃ ከፍተው ቆዩ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ጫማዬን ሳስር «ወዴት?» አሉኝ እትዬ ጥሩ።

«ባሕር።»

«ብቻሽን አይሆንም፤ አደራ አለብኝ። እኛም ዛሬ አይመቸንም። ነገ።»

«ነገ እኮ ቀትር ላይ እበራለሁ!»

«ነገ አልኩሽ ልጄ።»

ያን ቀን ሙሉ ከተነሳሁ አብረውኝ ይነሳሉ፤ መታጠቢያ ቤት ስቆይ «ደህና ነሽ?» ይሉኛል። ሰው ይደውላል፤ ስገባ ስልኩን ይዘጋሉ። ጋሽ በየነ አጠገቤ ሲያልፉ ራሴን ዳበሱኝ። ይሄ ጥሩ ምልክት አይደለም፤ ሐበሻ ካለ ነገሩ ሲያባብልሽ ፍሪ። እናቴ ጋ ደወልኩ፤ አታነሳም። እህቴ ጋ ደወልኩ፤ «ጠበል ሄዳለች» አለች፤ ከመነሳቴ በፊት ያለችኝን ያንኑ ቃል። ስንት ቀን ነው ጠበል?

በሦስተኛው ቀን ሳይነጋ ተነሳሁ። ተደብቄ በመጀመሪያው አውቶቡስ ልሄድ ነው፤ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ላየው። ጫማዬን በእጄ ይዤ የሳሎኑን በር ከፈትኩ።

ስምንት ሰው ተቀምጧል። ሁሉም ነጠላ ለብሷል።

እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደሚደረግ አውቃለሁ። ሰው ሲሞትብሽ በስልክ አይነግሩሽም፤ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው መጥተው ነው የሚያረዱሽ። ጫማው ከእጄ ወደቀ።

«እናቴ ናት! እናቴን ነው አይደል?» ብዬ ጮህኩ። ምንጣፉ ላይ ተወረወርኩ፤ ደረቴን እየመታሁ አለቀስኩ። «ኧረ ዝም በይ! ያንቺ አይደለም!» እያሉ አፌን ሊይዙኝ ሞከሩ፤ እኔ ግን የምሰማ አልነበርኩም።

የኮሪደሩ በር ተንኳኳ። ከዚያ ተከፈተ። ፀሐይ በሌሊት ልብሷ ቆማለች።

«ምነው? ማን ሞተባት?» አለች።

አንድ በአንድ አየቻቸው። ነጠላቸውን አየች። እኔን ሳይሆን እሷን እያዩ እንደሆነ አየች። ከዚያ የወንድሟን ስም ጠራች፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብላ። ወደቀች።

የወንድሟን ሞት ከሦስት ቀን በፊት የሰሙት እነሱ ነበሩ። ቄሱ እስኪመጡ፣ እሑድ እስኪሆን፣ ሥራ እንዳትሄድ ብለው ነው የጠበቁት። አፌ አያርፍም ስለተባለ ለእኔ አልነገሩኝም።

ሰው ሁሉ ወደ ፀሐይ ቤት ሲሻገር እኔ ኩሽና ቆሜ እናቴ ጋ ደወልኩ። አነሳች።

«ምን ሆነሽ ነው? ከጠበል አሁን ገባሁ፤ ልብስ እያጠብኩ ነው።»

«ምንም። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።»

«ባሕሩን አየሽው?»

«ገና ነኝ» አልኳት። ከኮሪደሩ ማዶ ሰው እያለቀሰ፣ እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ደስ ብሎኛል። ለማንም መናገር የማልችለው ደስታ።

እትዬ ጥሩ መነጽራቸውን ፍለጋ ተመልሰው መጡ። ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «አሁን ሂጂ። ባሕርሽን እዪ፤ የሚይዝሽ የለም» አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ ጊዜም ነበረኝ። እግረ መንገዴን ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ፀሐይ ጋ ገባሁ። ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሳታየኝ እጇን ዘርግታ እጄን ያዘችኝ፤ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ይቺ ናት» አለች፣ ለገቡት ሁሉ። «ማንም ሳያለቅስለት ቀድማ ያለቀሰችለት ይቺ ናት። አታውቀውም እኮ!»

እትዬ ጥሩ ከማዶ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ጋሽ በየነ አቀርቅረዋል። የለም፣ ለእናቴ ነው ያለቀስኩት ማለት ነበረብኝ። ሌላ ጊዜ አፌ ላይ የመጣውን ነው የምለው። አላልኩም።

አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ታሳየኛለች፤ «ይቺ ናት።» ሰዎቹ ያቅፉኛል፣ «እግዜር ያጽናሽ» ይሉኛል። አሜሪካ ከገባሁ እጄን ሳይለቅ ይህን ያህል ሰዓት የያዘኝ ሰው የለም። መስኮቱ ላይ ጀምበሯ ከፍ አለች። ልሄድ ስል ጣቶቿ ጠበቅ አድርገው ይይዙኛል፤ እኔም መልሼ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ አውቶቡሱን አሰብኩ፤ ከዚያ የሚቀጥለውን፤ ከዚያ ማሰቡን ተውኩት።

ከታች ወደ ኤርፖርት ሊወስዱኝ የወረዱት የጋሽ በየነ ክላክስ ተሰማ።

«ወዴት ነሽ?» አለችኝ ፀሐይ።

«ዴንቨር። ነገ ሥራ ገቢ ነኝ።»

«ለሱ ብለሽ ይህን ሁሉ መንገድ መጣሽ» አለችና እጄን ስማ ለቀቀችው።

በር ላይ ከተከመረው ጫማ ውስጥ የራሴን ፈልጌ አወጣሁና ደረጃውን ወረድኩ።