የለቅሶ ነጠላ

ሰባት ዓመቴ ነበር። ዛሬም የልጅ ልጄ ፎቶ ሲያነሳኝ፣ ያቺ «ቀጭ» የምትል ድምፅ መተማ ገበያ ትመልሰኛለች። በወረራው ዘመን አንድ ካሜራ የያዘ ጣሊያን የከተማውን ሰው መልክ ለአገሩ ሊያሳይ ሴቶቹን አሰለፈ፤ እኔም ከአክስቴ ጎን ነበርኩ። አክስቴ አርበኛ ባሏን ጣሊያን ከገደለባት ወር አልሞላትም ነበር፤ «ለሽፍታ አይለቀስም» ተብላ ለቅሶ እንዳትቀመጥ ተከልክላ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ነጠላዋን ፈትታ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አዘቀዘቀችው።

«አንቺ ሴት፣ አስተካክዪው! የከተማው መልክ ነው የሚነሳው» አለ አስተርጓሚው።

«ታዲያ መልካችን ይኸው አይደል? የለቅሶ ነጠላ ታውቅ የለ፣ ንገረዋ!»

አስተርጓሚው ግን ለጣሊያኑ አልተረጎመለትም። ሴቶቹም አንድ በአንድ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ጣሊያኑ ምኑም ሳይገባው፣ በቋንቋው «ቆንጆ» ሲል፣ «ቤላ! ቤላ!» እያለ አነሳን።

በማግስቱ አክስቴ አህያዋን ጨው ጭና፣ ቋራ በረሃ ወዳሉት አርበኞች ሄደች።